ጥቁር አፈር ላይ ቤት መሥራት፦ ቆርጦ ማውጣት፣ ገረጋንቲ መሙላት፣ ኖራ ወይስ ማት?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ስለ አፈሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ጎረቤት አንድ ሜትር ቆፍሮ ግንብ ካቆመ እሱም አንድ ሜትር ያስቆፍራል። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ከመስኮቱ ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ብቅ ይላል። ይለሰናል፣ ይቀባል። በጋ ሲመጣ እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል። የሳሎኑ በር ደግሞ ነሐሴ ላይ አልገጥም ብሎ ጥር ላይ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል።

እንዲህ ያለ ቤት ስታዩ ግንበኛውን ለመርገም አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ጉዱ ያለው ከግንቡ ሥር ነው። በጫጫና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሞረትና ጅሩ አምባ፣ አብዛኛው ጥቁር አፈር የለበሰ ነው። ገበሬው መረሬ ይለዋል፣ መሐንዲሶቹ ብላክ ኮተን። ለስንዴና ለጤፍ የተባረከ መሬት ነው። ለቤት ግን አስቸጋሪ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲያብጥ የሚገፋበት ጉልበት ፎቅ የሌለውን ቤት ከነመሠረቱ ሽቅብ ለማንሳት ይበቃል።

ስለዚህ ነገሩ ከምንገምተው ተቃራኒ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ትልቁ ፎቅ አይደለም። ቪላው፣ ሰርቪስ ቤቱና የአጥር ግንቡ ናቸው። ፎቁ ቢያንስ በክብደቱ ተጭኖ ይይዘዋል። «ቤቴ ትንሽ ናት፣ ብዙ መሠረት አትፈልግም» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። የድሮው የእንጨትና የጭቃ ቤት ይህን ሁሉ ችሎ የኖረው እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ ነው። ብሎኬትና የድንጋይ ግንብ አይተጣጠፍም።

ከሁሉ በፊት፦ ጥቁሩ ስንት ሜትር ይወርዳል?

አራቱንም አማራጮች የሚለየው ይህ አንድ ቁጥር ነው። የጎረቤት ቤት አይነግራችሁም። ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ድንጋዩ አንድ ሜትር ላይ ሊገኝ፣ እናንተ ዘንድ አራት ሜትር ሊወርድ ይችላል።

በነፃ የሚገኝ መረጃ አለ። የሰፈሩን የሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጠይቁ። ጥቁሩ የት ላይ እንዳለቀ፣ ውሃ በየትኛው ወር ስንት ሜትር ላይ እንደመጣባቸው እጃቸው ያስታውሳል። ከዚያ በቦታችሁ ላይ ቢያንስ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ፣ ሰያፍ ለሰያፍ በሆኑ ሁለት ማዕዘኖች፣ እስከ ሦስት ሜትር። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ አፈር ሲደርቅ ግድግዳው ቁልቁል ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይናዳል። ወገብ ያለፈ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ብቻውን አይግባ። ጥልቅ ከሆነ አፉን ሰፋ አድርጎ ደረጃ እያበጁ መውረድ ወይም በእንጨት መደገፍ ግድ ነው። የወጣው አፈርም ጉድጓዱ አፍ ላይ አይከመር።

ጉድጓዱ ሲከፈት ምን ታያላችሁ? በበጋ ከሆነ የላይኛው ክፍል እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ የተከፋፈለ ነው። ዝቅ ሲል አፈሩ ይረጥባል፣ ይጠብቃል። አንዱን ጓል በእጃችሁ ፈልቅቁት። የተፈለቀቀው ገጽ በሰም የተወለወለ ይመስል ካብረቀረቀ፣ ያ ቦታ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ የተፋተገ አፈር ነው። ይህ ምልክት የታየበት ጥልቀት ሁሉ ገና የሚንቀሳቀስ ነው ብላችሁ ያዙት። ከዚያ በታች ነጫጭ ጠጠር ይጀምራል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ዶማው ድምፅ ይቀይራል። የበሰበሰው ድንጋይ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

የአፈሩን ፀባይ በግምት ለማየት የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። አፈሩን በደንብ አድርቁት፣ ፍጩት፣ በወንፊት ንፉት። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ጨምራችሁ ከፍታውን ምልክት አድርጉበት። ውሃ ሙሉበት፣ በጥብጡት፣ እስከ ነገ ተዉት። የረጋው አፈር እጥፍ ከሆነ ከባድ አፈር ነው። በላብራቶሪም የሚሠራው ፍሪ ስዌል የሚባለው ሙከራ ሐሳቡ ይኸው ነው፣ እነሱ የመለኪያ መስመር ባለው ብርጭቆ በልክ ይሠሩታል። የጠርሙሱ ውጤት ለውሳኔ አይበቃም። ገንዘብ አውጥቶ ማስመርመር እንደሚያስፈልግ ግን ይነግራችኋል።

አንደኛ፦ ጥቁሩን ጠርጎ ማውጣት

ጥቁሩ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ካለቀ ሌላ አማራጭ ለማወዳደር ጊዜ አታባክኑ። ጠርጋችሁ አውጡት። የሌለ አፈር አያብጥም። ፉቲንጉን (የመሠረቱን የኮንክሪት እግር) በቀጥታ የበሰበሰው ድንጋይ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ወለሉን ደግሞ በጥሩ ሙሌት ትሞላላችሁ።

ግን ስሌቱን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ቤቱ 10 በ12 ሜትር ይሁን። ቁፋሮው በየጎኑ አንድ ሜትር መስፋት አለበት፣ ስለዚህ 12 በ14 ይሆናል። በአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት 252 ሜትር ኩብ። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፣ ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ 315 ይጠጋል። ባለ 16 ኪዩብ ሲኖትራክ ወደ ሃያ ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ይህ መጣያ ብቻ ነው። የሚሞላውም በተመሳሳይ ብዛት መምጣት አለበት። ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ሲሆን ቁፋሮው 420 ሜትር ኩብ ይገባል። እዚህ ላይ ጥርጊያው ከቤቱ ጋር መፎካከር ይጀምራል፣ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

መጣያ ቦታውን ከቁፋሮው በፊት ጨርሱ። ኤክስካቫተሩ በሰዓት እየተከፈለው ሲኖትራኩ የት እንደሚደፋ ሲፈልግ ማየት ያናድዳል።

ሁለተኛ፦ ከፊሉን አውጥቶ መሙላት

ጥቁሩ ሲበዛ የተለመደው ነገር አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በመጣ፣ በማያብጥ ሙሌት) መተካት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፦ ሙሌቱ በክብደቱ የታችኛውን ጥቁር ይጫነዋል፣ ከፀሐይና ከዝናብም ያርቀዋል። ጥያቄው በምን ትሞላላችሁ የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ቀይ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይወዳል። ቀላል ነው፣ ንፁህ ነው፣ ሲደፋ ያምራል። ለዚህ ሥራ ግን እኔ ገረጋንቲን አስቀድማለሁ። ምክንያቱ ውሃ ነው። ቀይ አሽም ሆነ አሸዋ ውሃ ያሳልፋል። ጥቁሩ አፈር ደግሞ አያሳልፍም። ጥቁር አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቀይ አሽ ስትሞሉበት ከቤታችሁ ሥር የውሃ ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው። የክረምቱ ውሃ ከዳር ሰርጎ ይገባና ታች ይተኛል፣ ጥቁሩን ቀስ ብሎ ያጠጣዋል። ጥሩ ገረጋንቲ ጠጠርም፣ ትንሽ ማሰሪያ አፈርም አለው፣ ሲጠቀጠቅ ይጠብቃል። ቀይ አሽ ብቻ ከተገኘ ከታች መውጫ ያለው ማፋሰሻ ቱቦ ይግባለት፣ ከላይና ከዳር ደግሞ ውሃ በማያስገባ ነገር ይታፈን።

ገረጋንቲ ስትቀበሉም ዓይናችሁ ይንቃ። የላይኛው ጭነት ቆንጆ ሆኖ ከሥር ጥቁር የተቀላቀለበት መኪና ይመጣል። አንድ እፍኝ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ አሹት። እንደ ሊጥ ከተሳበ መልሱት።

አጠቃቀጡ ደግሞ ከማቴሪያሉ እኩል ነው። ሙሌት በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር እየተዘረጋ፣ እየረጠበ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚወጣው። አንድ ሜትር ሙሌት ቢያንስ አምስት ዙር አለው። ሁሉንም ደፍቶ ከላይ ብቻ ሮለር ማስኬድ የላይኛውን ቅርፊት ነው የሚያጠነክረው፣ ታችኛው በኋላ ከነወለሉ ይሰምጣል። ውሃው ልክ መሆኑን በእጅ ማወቅ ይቻላል። ስትጨብጡት ተጣብቆ ይቀራል፣ ስትጫኑት ለሁለት ሦስት ይከፈላል። እጅ ካረጠበ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል። ኮንትራክተር ካለ ለየንብርብሩ ፊልድ ደንሲቲ ቴስት (ሙሌቱ ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ሙከራ) ይጠየቅ፣ በላብራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ መድረሱ የተለመደው ልክ ነው።

ሦስተኛ፦ ኖራ

ኖራ ጥቁሩን አፈር ከነባሕርዩ ይቀይረዋል። ሸክላውን ያጠነክረዋል፣ የማበጥ ዓመሉን ይቀንሰዋል። መንገድ ሥራ ላይ የታወቀ ዘዴ ነው። ለቤት ግን እኔ ብዙ አላበረታታም።

መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ ነው፣ ትክክለኛውን የሚወስነው ሙከራ ነው። የቅድሙን 12 በ14 ቦታ እንውሰድ። 30 ሴንቲሜትር ንብርብር ለማከም በ5 በመቶ ሲሰላ ወደ 33 ኩንታል ይፈልጋል። አንድ ንብርብር ብቻ ነው ይህ። ዋናው ችግር ግን ዋጋው አይደለም፣ ቅልቅሉ ነው። ጥቁሩ አፈር ጓል ሆኖ እንዳለ ኖራ ቢነሰነስበት ጓሉ በነጭ ይቀባል እንጂ ውስጡ አይነካም። አፈሩ መድቀቅ አለበት፣ ከዚያ ተቀላቅሎና ረጥቦ አንድ ሁለት ቀን ማደር፣ እንደገና መገለባበጥና መጠቅጠቅ አለበት። በትራክተር ወይም በማሽን ይሆናል። በአካፋ የሚሠራ ሠራተኛ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰለቻል፣ እናንተም ውጤቱን አታውቁትም።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የኖራ ዓይነት ነው። ለአሲዳማ የእርሻ መሬት የሚበተነው ኖራ የተፈጨ ጥሬ የኖራ ድንጋይ ነው። አፈሩን ለመሠረት አያጠነክርም። የሚሠራው የተቃጠለው ወይም ተቃጥሎ በውሃ የበረደው ኖራ ነው። ስለረከሰ ብላችሁ የግብርናውን ጭናችሁ እንዳትመጡ። ጀሶም ምትኩ አይደለም። የተቃጠለው ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንት፣ መነጽርና ቦት ጫማ ያስፈልገዋል።

ኖራ የሚያዋጣው ሰፊ ግቢ፣ መጋዘን ወይም መኪና የሚመላለስበት ቦታ ላይ፣ ማሽን ሲኖር ነው።

አራተኛ፦ ጥቁሩን አልፎ መውረድ ወይም ላዩ ላይ መንሳፈፍ

ጥቁሩ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ለሚወርድበት፣ ቤቱም በኮለን (በኮንክሪት ምሰሶ) ለሚቆም ቪላ ወይም ጂ+1፣ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አፈሩን ሁሉ አታውጡ። ለየኮለኑ ብቻ ወደ ድንጋዩ ውረዱ። 12 ኮለን ቢኖር፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ 1.5 በ1.5 ሆኖ 2.5 ሜትር ቢወርድ፣ ቁፋሮው 67.5 ሜትር ኩብ ነው። ከ420 ጋር አስተያዩት። የወለሉን ሥር ደግሞ 80 ሴንቲሜትር አውጥታችሁ በገረጋንቲ ብትተኩት 96 ሜትር ኩብ ይጨመራል። ድምሩ ከግማሽ በታች ነው።

ሁለት ነገር ግን አይረሳ። ኮለኖቹን የሚያያይዘው ግሬድ ቢም በጥቁሩ አፈር ላይ አይተኛ። ከሥሩ ወደ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ይተውለት። አለዚያ አፈሩ ሲያብጥ ቢሙን ከታች ይገፋዋል፣ የድካማችሁ ሁሉ ትርጉም ይጠፋል። ሁለተኛው ወለሉ ነው። ፉቲንጉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወለሉ ጥቁሩ ላይ ከተነጠፈ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆምና የሳሎኑ መሐል እንደ ጀርባ ይጎብጣል። ሴራሚክ ከነጠፋችሁ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ጨክኖ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ወለሉን ከመሬት አንስቶ በቢም ላይ ያሳርፈዋል፣ ያኔ ነገሩ ያልቃል።

ጥቁሩ ከሦስት ሜትር ካለፈ ወይም ውሃ ቶሎ ከመጣ ማት ፋውንዴሽን ይታሰባል። ቤቱ በሙሉ በአንድ ጠንካራ የኮንክሪት ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል፣ ከተንቀሳቀሰም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ብረትና ኮንክሪት ይበላል። ደግሞም ማት ማለት ወፍራም ወለል ማለት አይደለም፣ ብረቱ ከላይም ከታችም በስሌት ይገባል። በፎርማን ግምት የተሠራ ማት ከነውድነቱ ይሰነጠቃል። ለከፍተኛ ፎቅ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ ምሰሶ) አለ፣ እሱ የአማካሪው ሥራ ነው።

ለጥቁር አፈር በጭራሽ የማልመርጠው አንድ ሜትር ወርዶ እዚያው ጥቁሩ ላይ የድንጋይ ግንብ መደርደርን ነው። የሚያሳዝነው በብዛት የሚሠራውም እሱ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ውሃው ይገዛችኋል

የሞረትና ጅሩዋ እነዋሪ ላይ ገበሬው ጥቁሩን መሬት እንዴት እንደሚይዝ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። መደቡን ከፍ ያደርጋል፣ ውሃውን በቦይ ያስወጣል። ቤትም እንዲሁ ነው። የአሸንዳው ውሃ ግንቡ ሥር አይውረድ፣ በቱቦ ራቅ ብሎ ይውጣ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ይሠራ። የሽንት ቤት ጉድጓዱና የውሃ መስመሩ ከመሠረቱ ይራቁ፣ የምታንጠባጥብ አንዲት ቧንቧ ዓመት ሙሉ አንዱን ማዕዘን ታሳብጣለች።

ባሕር ዛፉም አለ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ የሌለበት ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። በበጋ የአፈሩን እርጥበት ከጥልቅ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ያለው መሬት ይሰምጣል። ቢያንስ የቁመቱን ያህል ከቤቱ ይራቅ። ነገር ግን ትልቅ ዛፍ ዛሬ ቆርጦ ነገ መሠረት መጣልም ሌላ ጣጣ ነው። አፈሩ የተመጠጠበትን ውሃ መልሶ ሲጠጣ ለረጅም ጊዜ ያብጣል።

ወቅቱንም ምረጡ። ከክረምቱ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፣ አፈሩ ጭቃም አቧራም አይደለም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ክው ብሎ የደረቀ ጥቁር አፈር ላይ የተጣለ መሠረት የመጀመሪያውን ክረምት ሲያገኝ ነው የሚነሳው። ቁፋሮው አልቆ ጉድጓዱ ለሳምንታት ተከፍቶ አይቆይ። የመጨረሻውን 10 ሴንቲሜትር ሳትቆርጡ አቆዩትና ሊኑ (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚፈስበት ቀን ቆርጣችሁ ወዲያው ሙሉት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ሌሊቱን በላስቲክና በጆንያ ይሸፈን።

ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው

ጣርማ በርን አልፋችሁ ስትወርዱ ጥቁሩ አፈር ዋና ጠላት መሆኑ ይቀራል። ደብረ ሲና ላይ ጥያቄው ዳገቱ ይንሸራተታል ወይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአካባቢው የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ያዘመመ ዛፍ፣ የተሰነጠቀ ማሳ፣ ከተዳፋቱ እግር የሚፈልቅ አዲስ ምንጭ ያለበትን ቦታ በምንም መሠረት አታድኑትም፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደህና በሆነው ተዳፋት ላይ ደግሞ ቤቱን ግማሹን በተቆረጠው፣ ግማሹን በተሞላው መሬት ላይ አታሳርፉ። የተሞላው ይሰምጣል፣ የተቆረጠው ይቆያል፣ ቤቱ መሐል ለመሐል ይከፈላል። ወይ ሁሉንም በተቆረጠው ላይ፣ ወይ የሙሌቱን በኩል ያለውን ፉቲንግ ሙሌቱን አልፎ እስከ ነባሩ መሬት።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ አፈሩ በአብዛኛው ወንዝ ያመጣው ደለልና አሸዋ ነው። ይህ አፈር እምብዛም አያብጥም። ችግሩ ጎርፍና ልል መሬት ነው። እዚያ ከጥልቀት ይልቅ መጠቅጠቅና የወለሉን ከፍታ ከጎርፉ በላይ ማድረግ ያዋጣል። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ እንደ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ያለ ሶይል ቴስት (የአፈር ምርመራ) አይነካም። መንቀጥቀጡ ደግሞ ለዚህ ዞን ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ፉቲንጎቹን ሁሉ በሁለቱም አቅጣጫ በግሬድ ቢም ማያያዝ ስለዚህ ቅንጦት አይደለም።

ሶይል ቴስት መቼ?

ጂ+2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አትከራከሩ፣ አስመርምሩ። ለቪላም ቢሆን የጠርሙሱ አፈር እጥፍ ከሆነ፣ ሁለቱ ጉድጓዶች የተለያየ ነገር ካሳዩ፣ ወይም ቦታው የድሮ ቁፋሮ ወይም የቆሻሻ ሙሌት የነበረበት ከሆነ አስመርምሩ። ሪፖርቱ ሲመጣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን አንድ የመሸከም አቅም ቁጥር ብቻ አትዩ። የማበጥ ሙከራ ተሠርቷል? ውሃ ስንት ሜትር ላይ ተገኘ፣ በየትኛው ወር? ፉቲንጉ ስንት ሜትር ላይ ይረፍ ይላል? ናሙናው ከላይ ብቻ ነው ወይስ ከየጥልቀቱ? እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት መልሳችሁ ጠይቁ። ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው አፈር ሪፖርቱ ከጻፈው ጋር መመሳሰሉን መሐንዲሱ ወርዶ ይይ፣ ሊን ከመፍሰሱ በፊት።